«ዘይት አወፍርና ሽጣት!»

መኪና ያላችሁም፣ ለመግዛት እቁብ የምትጥሉም፣ እስቲ ይቺን ስሙኝ። አሮጌ መኪና ሲሸጥ የሚሠራ አንድ ሸፍጥ አለ። ሞተሩ ከታች «ኳ... ኳ... ኳ» ማለት ሲጀምር ባለቤቱ ወፍራም ዘይት ይሞላበታል። አንዳንዱማ ማወፈሪያ ገዝቶ ይደባልቅበታል። ኳኳታው ለጥቂት ጊዜ ረገብ ይላል። ገዢ ሆዬ ቀለሙን፣ የወንበሩን ልብስና የቴፑን ድምፅ አይቶ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ያለው ለቅሶ የእሱ ነው!

ታላቅ ወንድሜም ይህንኑ ምክር ተመክሯል። መኪናዋ ዲኤክስ የምንላት አሮጌ ኮሮላ ናት። የተገዛችው ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥራ በምትሠራው እህታችን ገንዘብ ነው። እሱ ይነዳታል፤ የቤት ኪራይና የእናታችን መድኃኒት ከእሷ ይወጣል፤ የተረፈው ለእህታችን ይቀመጣል። ታዲያላችሁ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረግጥ መኳኳት ጀመረች። ሞተሩ ግሎ በቆመበት ሲሠራ ደግሞ ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ጓደኞቹ «ምን ያስጨንቅሃል? ዘይት አወፍርና ሽጣት!» አሉት። እሱም ልቡ ከጅሏል። ለእህታችን ግን ትንፍሽ አላለም።

«የሚገዛው ሰውዬስ አረብ አገር እህት የለችውም?» አልኩት። ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን ጋራዥ ሲሄድ ተከትዬው ሄድኩ።

መካኒኩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሞተሩን አስነሡና የካንዴላ ገመዶቹን በላስቲክ እጀታ ፒንሳ አንድ በአንድ እየነቀሉ «ስሚ ልጄ» አሉኝ። አንደኛው ሲነቀል ኳኳታው ያው ነው። ሁለተኛውም ያው። ሦስተኛው ሲነቀል ድምፁ ለሰስ አለ። እዚያ ሲሊንደር ውስጥ እሳት ስለሌለ ፒስቶኑን ወደ ታች የሚደቁሰው ኃይል ቀነሰ ማለት ነው። «የሦስተኛው ቢየላ ብሮንዚን ናት» አሉ ጋሼ፣ ገና ምንም ሳይፈቱ።

ብሮንዚን ማለት ቢየላው ክራንክሻፍቱን በሚያቅፍበት ቦታ የምትገባ፣ ሁለት ግማሽ ቀለበት የሆነች ስስ ብረት ናት። ጀርባዋ ጠንካራ፣ ፊቷ ለስላሳ ማዕድን ነው። በእሷና በክራንክሻፍቱ መካከል ያለው ክፍተት በትንንሽ መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከ0.025 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከፀጉር ዘለላ የቀጠነ! እዚያች ክፍተት ውስጥ ዘይት በግፊት ይገባና ብረትና ብረት እንዳይነካኩ ያደርጋል። ዘይቱ ሲያንስ፣ ሲቆሽሽ ወይም ሳይቀየር ሲከርም ለስላሳው ፊት ይበላል፤ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ኳኳታው ይመጣል። ዘይት ማወፈር ድምፁን ያፍናል እንጂ የተበላውን አይመልስም። እንዲያውም ጠዋት ሞተሩ በብርድ ሲነሣ ወፍራም ዘይት ቶሎ ስለማይደርስ ጉዳቱን ያብሰዋል።

ከሥር ተከፈተ። የሦስተኛዋ ላይኛው ግማሽ ግራጫው ፊቷ ተልጦ የመዳብ ቀለም አውጥታለች። (የቢየላ ብሮንዚን አብዛኛውን ጊዜ ላይኛው ግማሽ ቀድሞ ያልቃል፣ የእሳቱ ዱላ የሚያርፈው እዚያ ነዋ።) ወንድሜ ደስ አለው። «ሶማሌ ተራ ሮጬ አዲስ አመጣለሁ፣ ማታ ትነሣለች!» አለ።

ጋሼ ግን አውራ ጣታቸውን አቀበሉት። «በጥፍርህ ክራንኩን ፈትገው» አሉት። ጥፍሩ ገደገደው። ጭረት አለ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ያለበት ክራንክሻፍት ላይ አዲስ ብሮንዚን ማስገባት አዲሱን ለሞረድ መስጠት ነው። ሞተሩ ወርዶ፣ ክራንክሻፍቱ ማሽን ቤት ገብቶ ተሞርዶ፣ በ0.25 የወፈረ ብሮንዚን ይገባለታል። ይህ ማለት ቀናት ያለ ገቢ!

ወንድሜ ጋራዡ በር ላይ ቁጭ ብሎ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ ለእህታችን ደወለ። ሁሉንም ነገራት፣ ሽጣት መባሉን ጭምር። እሷ የጠየቀችው «ስንት ቀን ትቆማለች?» ብቻ ነው። የብሮንዚኑንና የማሽን ቤቱን ሒሳብ ላከች።

ሲገጠም ቆሜ አይቻለሁ፤ ከሠርግ ልብስ ስፌት በላይ ጥንቃቄ አለው። እያንዳንዱ ክዳን ሲፈታ ምልክት ተደርጎበት ነበርና ወደየቦታው ተመለሰ። የብሮንዚኑ ጀርባ ደረቅና ንጹሕ፣ ፊቱ ዘይት የተቀባ ነው። የዘይት ቀዳዳ ያላት ግማሽ ከቀዳዳው ትይዩ ትገባለች። ቡሎኑ በግምት ሳይሆን በሚለካ ቁልፍ ይጠብቃል፤ አንድ ክዳን በጠበቀ ቁጥር ክራንኩ በእጅ ይዞራል፣ ከያዘ ይፈታል። ሁሉም አልቆ ሊነሣ ሲልም እሳቱን አቋርጠው የዘይት መብራቷ እስክትጠፋ ድረስ በባዶ አሽከረከሩት።

እናንተ ገዢዎች ደግሞ በ2016 ነዳጅ የሚጠቀሙ መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ሲነገር አሮጌው ሁሉ ወርቅ መስሏችሁ እንዳትሮጡ። ሻጩ ጋ ጠዋት፣ በድንገት ሂዱ። ሳይነሣ በፊት ኮፈኑን ዳስሱ፣ ከሞቀ ቀደም ብሎ አሙቆታል። ሲነሣ ጆሯችሁን አቁሙ። የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ በጣት እሹት፤ እንደ ማር ከተዝለገለገ ወይም የብረት ብናኝ ካብለጨለጨ ደህና ዋሉ በሉት። ከዚያ በደንብ አግላችሁ ዳገት አስወጡት።

ወንድሜ ያቺን መዳብ ያወጣች ብሮንዚን ፎቶ አንሥቶ ለእህታችን ላከላት። «ያን ሁሉ የጮኸችው ይቺ ናት?» ብላ ጻፈች። ቆየት ብላ ደግሞ፦ «ለመሆኑ ዘይቱን መጨረሻ የቀየርከው መቼ ነው?»

እስካሁን አልመለሰላትም።