ዶሮ ሁዳዴን አታውቅም

በአሜሪካ ሱቆች መጋቢት ሲገባ የፋሲካ ቅርጫት የሚሉት ነገር ይደረደራል። ሥሩ አረንጓዴ የወረቀት ሣር ይጎዘጎዝና ባለቀለም እንቁላል፣ ከረሜላና በቸኮሌት የተሠራች ጥንቸል ይቀመጡበታል። ጥርስ ላላበቀለ ሕፃን ሳይቀር ይዘጋጃል። ጥንቸል እንቁላል አትጥልም፣ ሕፃኑ ቸኮሌቱን አይበላም፣ ሁለቱም ከትንሣኤ ጋር ምን እንደሚያዛምዳቸው በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ አንዱ «የጣዖት ቅሪት ነው» ይላል፣ ሌላው «የነጋዴ ፈጠራ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ግን የቅርጫቱ አባት ጾም ነው ባይ ነኝ። ለአባትነቱም የምጠራት ምስክር ዶሮ ናት።

በመካከለኛው ዘመን የምዕራብ አውሮፓ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም ሥጋና ወተት ብቻ ሳይሆን እንቁላልም አይቀምስም ነበር። ዶሮ ግን ሁዳዴን አታውቅም። እንቁላል መጣሏን የሚወስንላት የብርሃን ርዝመት ነው። በሰሜኑ አገር ቀኑ ሲያጥር ክረምቱን ነጥፋ ትከርምና ልክ ጾሙ ሲገባ፣ ቀኑ ሲረዝም፣ መጣል ትጀምራለች። ሰው መብላት ባቆመበት ሰሞን እሷ ሥራ ትጀምራለች ማለት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አንዲት ዶሮ በሁለት ቀን አንዴ ብትጥል በ40 ቀን 20 እንቁላል ይሆናል፤ አምስት ዶሮ ያለው ቤት ለፋሲካ 100 እንቁላል ተከምሮ ይጠብቀዋል። ይህን ሁሉ በአንድ ጧት መጨረስ አይቻልምና ይቀቀላል፣ በቀለም ይነከራል፣ ለጎረቤትና ለልጆች ይታደላል። ቤተ መንግሥትም ከዚህ ልማድ አልወጣም፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1290 እ.ኤ.አ. ለፋሲካ 450 እንቁላል በ18 ፔኒ አስገዝቶ፣ ቀለምና የወርቅ ቅብ አስለብሶ ለቤተ መንግሥቱ ሰዎች ማደሉ በግምጃ ቤቱ መዝገብ ሰፍሯል። እንቁላሉ የበዓል ስጦታ የሆነው በመጀመሪያ ስለተረፈ ነው። ምሥጢራዊ ትርጓሜው፣ መቃብሩ፣ አዲስ ሕይወቱ፣ በቁልሉ ላይ የተጨመረ ይመስለኛል።

ጥንቸሏ ዘግይታ ነው የመጣችው። ጌኦርግ ፍራንክ ፎን ፍራንከናው የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1682 ስለ ፋሲካ እንቁላል በላቲን በጻፈው ድርሰት፣ በአልዛስና በአካባቢው እንቁላሉን የምትጥለውና በሣርና በቁጥቋጦ መሐል የምትደብቀው የዱር ጥንቸል ናት እየተባለ ለልጆች እንደሚነገር ይተርካል። ሐኪም ነውና እንቁላል ማብዛት ሆድን እንደሚያውክ ማስጠንቀቁንም አልረሳም። ትርፍ ባይኖር ማስጠንቀቂያው ለምን ያስፈልግ ነበር? በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፔንስልቬኒያ የተሰደዱ ጀርመኖች ተረቱን ይዘው ተሻገሩ። ልጆቻቸው ጥንቸሏ እንድትጥልላቸው በቆባቸው ጎጆ ይሠሩላት ነበር ይባላል። ቅርጫቱ እንግዲህ የዚያ ጎጆ ልጅ ነው፤ የወረቀቱም ሣር የጎጆው ድርቆሽ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የመጀመሪያው የፋሲካ ቅርጫት የእጅ ሥራ ነበር፤ ሠሪውም ራሱ ልጁ ነው።

የጣዖት ቅሪት ነው የሚሉት ምስክራቸው እንግሊዛዊው መነኩሴ ቤዳ ነው። ቤዳ በ725 ገደማ ስለ ዘመን አቆጣጠር በጻፈው መጽሐፍ የፋሲካ ወር በአገሩ ቋንቋ ኤኦስትሬ ከተባለች ጣዖት ስሙን እንዳገኘ ይናገራል። ነገር ግን ስለ ጥንቸል አንድም ቃል አልጻፈም፤ ስለ እንቁላልም እንዲሁ። ጥንቸሏን ከጣዖቷ ጋር ያጋባት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ምሁራን ግምት ነው፤ ሠርጉ ከቤዳ ዘመን ከ1,000 ዓመት በላይ ዘግይቷል። ነጋዴን ለሚከሱት ደግሞ ቀኑን መቁጠር ይበቃል፦ የእንግሊዙ ቸኮሌት ሠሪ ፍራይ ውስጡ ባዶ የሆነ የቸኮሌት እንቁላል ያወጣው በ1873 ነው፣ ካድበሪ በ1875 ተከተለ። ሐኪሙ ከጻፈ ወዲህ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ነጋዴው የልማዱን ጎጆ አልቀለሰም፤ የተቀለሰ አይቶ ተከራየ። ጾሙ ላልቶ ቁልሉ ሲቀርም ክፍተቱን በቸኮሌት ሞላው። ዛሬ ቅርጫቱ እንግዳ የሚመስለን ከዚህ የተነሳ ነው፤ መፍሰኪያው አለ፣ ጾሙ ግን ተረስቷል።

«ታዲያ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ቅርጫቱ የእኛ አይደለም፤ ምክንያቱ ግን በእኛ ቤት እስከ ዛሬ በሕይወት አለ። 55 ቀን ከጥሉላት ተከልክሎ በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጥ ውስጥ እንቁላል የሚፈልግ ሰው ሒሳቡን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። ቀዳም ስዑር ካህናት የሚያድሉትን ለምለም ቄጠማ ያየም በሣር የምሥራች መናገር አይገርመውም። ችግር የሚፈጥረው ቀኑ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የምዕራቡ ፋሲካ መጋቢት 22 ሲውል እኛ ገና መጻጉዕ እሑድ ላይ ነበርን፤ ፋሲካችን የዋለው ሚያዝያ 27 ነው። እንዲህ ባለ ዓመት በአሜሪካ የምትኖር የምትጾም እናት ልጇ ከሕፃናት መዋያው ይዞት የመጣውን የጾም መፍቻ ቅርጫት በጾሟ መካከል ትቀበላለች። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ቅርጫቱን በገዛ ፋሲካዋ ራሷ ብትሠራው፣ ጎጆውን ከሱቅ ወደ ልጅ ቤት ብትመልሰው፣ የቀድሞ ሥራውን መልሳ ሰጠችው ማለት ነው።

ለሕፃን ሲሆን ጥንቃቄው ይበዛል፤ ክርክሬን የሚያጠናክረውም ይኸው ነው። ዓመት ላልሞላው ማር አይሰጥም፣ ቦቱሊዝም የሚባል መርዛማ ሕመም ሊያስከትል ይችላልና። ድቡልቡል ከረሜላ ያንቃል፣ የላስቲክ ሣር አፍ ውስጥ ይገባል። በሽንት ቤት ወረቀት ካርቶን ቀዳዳ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ መሰጠት የለበትም። ሱቁ የሚያስቀምጠውን ሁሉ ስናወጣ የሚቀረው የጨርቅ ኳስ፣ ወፍራም ገጽ ያለው የሥዕል መጽሐፍ፣ የእንጨት ማንኪያ፣ ሥሩ የተነጠፈ ለስላሳ ፎጣ ነው። «ሕፃን ምን ያውቅና ይደክሙለታል?» ቢባል፣ እውነት ነው፤ አያውቅም። ቅርጫቱን ነክሶ ይጥለዋል፣ የበዓሉን ትርጉም አይጠይቅም። ግን ልማዱ ከመነሻው የተሠራው ጾም ለማያውቁ ነው። ዶሮዋ ጾሙን ሳታውቅ ትጥላለች፣ ሕፃኑ ሳያውቅ ይቀበላል፤ ከሁለቱ መሐል ቆሞ ቀን የሚቆጥረው የጾመው ሰው ብቻ ነው።