መተማ፦ ባንዲራዎች የተፈራረቁባት ከተማ

ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ ከደጋው ብርድ ወጥቶ ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ሙቀት ይገባል። ሸኸዲን አልፎ ጥቂት እንደሄደ ሀገሩ ያልቅና መተማ ይደርሳል። ከከተማይቱ ጫፍ ክረምት የሚሞላ፣ በጋ የሚደርቅ ትንሽ ወንዝ አለ። ከወንዙ ማዶ ያለችው ገላባት የሱዳን ናት።

ይህችን ከተማ ያቀኗት ግን የማንም መንግሥት ወታደሮች አልነበሩም። ተክሩሮች ይባላሉ፤ ከምዕራብ አፍሪካ ተነስተው በዳርፉር በኩል ለሐጅ የወጡ ሙስሊሞች ናቸው። በዚያ ዘመን ሐጅ ዓመታት የሚፈጅ የእግር ጉዞ ነበር። ስንቁ ያለቀበት በደረሰበት አርሶ፣ ነግዶ፣ ጥቂት ቋጥሮ ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች ይቀጥላል። በ18ኛው መቶ ዘመን ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ እዚሁ ቀሩ፤ ጥጥ ዘሩ፤ ገበያ አቆሙ። ከደጋ ቡና፣ ሰምና ከብት ይወርድ ነበር፤ ከሱዳን በኩል ደግሞ ሌላ ሸቀጥ ይመጣል። በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ እንደነበር መሸሸግ አይገባም። ሹሞቻቸው በሁለት ኃይለኞች መካከል ነበሩና ለሁለቱም ይገብሩ ነበር።

ከዚያ ባንዲራዎቹ መጡ። በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግብፆች ጨረቃና ኮከብ ያለበትን ቀይ ባንዲራቸውን ተከሉ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባዔ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ሲያስገድዱ፣ እምቢ ካሉት ብዙዎች ወደ መተማ ሸሹ። ግብፆች በ1885 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ እርዳታ ሲወጡ የመህዲ ተከታዮች ደረሱ። ሠራዊታቸው በጥቁር፣ በአረንጓዴና በቀይ ባንዲራ የተከፈለ ሲሆን ጥቁሩ የኸሊፋ አብዱላሂ ነበር። በሰንደቆቻቸው ላይ ከሸሀዳው ጋር የመህዲው ስም ይጻፍ ነበር።

የሚበዛው ተራኪ የመተማን ጦርነት የእስላምና የክርስቲያን ጦርነት አድርጎ ያሳጥረዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የሐምዳን አቡ አንጃ ጦር በጥር 1888 (እ.ኤ.አ.) ጎንደርን አቃጠለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ለአቡ አንጃ በላኩት ደብዳቤ ሰላም ፈልገው፣ የጋራ ጠላታችን አውሮፓዊው ነው የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ አልተሰማም። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጊያው ተጀመረ። ድሉ ወደ ኢትዮጵያውያን ሲያዘነብል አፄ ዮሐንስ በጥይት ቆሰሉ፤ በማግስቱ አረፉ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። ዘኪ ቱማል አሸነፈ። ግን የተክሩሮቹ ገበያ ፈራርሶ ነበር፤ የቀድሞ ሞቅታውም ቶሎ አልተመለሰም።

ወንዙ ወሰን የሆነው አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ግንቦት 15 ቀን 1902 (እ.ኤ.አ.) በተዋዋሉት ስምምነት ነው። አንድ የነበረው ሰፈር ለሁለት ተከፈለ። ከማዶ በኩል የነበረው ነገር አስገራሚ ነው፤ በ1899 (እ.ኤ.አ.) ውል መሠረት በሱዳን የእንግሊዝና የግብፅ ባንዲራ ጎን ለጎን ይሰቀል ነበር፤ ገዢው ግን አንዱ ነበር! በኅዳር 1940 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ጣሊያንና እንግሊዝ እዚሁ ተዋጉ፤ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ከህንድ የመጡ የባሉች ክፍለ ጦር ሙስሊሞችም ነበሩበት።

ሱዳን በ1956 (እ.ኤ.አ.) ነፃ ስትወጣ ያውለበለበችው ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ ነበር፤ ዓባይ፣ በረሃና እርሻ። በ1970 (እ.ኤ.አ.) በአሁኑ ተተካ። ቀዩ የሰማዕታት ደም፣ ነጩ ሰላም ነው፤ ጥቁሩ «ሱዳን» የሚለው ስም ራሱ ነው፤ አረንጓዴው እስልምናና ልማት። በወዲህኛው ዳርቻ አረንጓዴው የሥራና የልምላሜ፣ ቢጫው የተስፋና የፍትሕ፣ ቀዩ የመስዋዕትነት ምልክት ነው። መሐሉ ላይ በሰማያዊ ክብ ውስጥ ያለው ኮከብ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ የመጣ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ዓርማው የሕዝቦችንና የሃይማኖቶችን በእኩልነት የመኖር ተስፋ ያንጸባርቃል ይላል። ወደ መተማ ሸሽተው የነበሩት የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ይህን ቃል በተለየ ጆሮ ቢሰሙት አይገርምም።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ድልድዩ በተቃራኒው አቅጣጫ ተጨናነቀ። ሱዳናውያን፣ የሌላ ሀገር ዜጎችና ለዓመታት በዚያ ሲሠሩ የኖሩ ኢትዮጵያውያን ልጆቻቸውን አዝለው፣ አንድ ሻንጣ ጎትተው ወደ መተማ ተሻገሩ።