ለስላሳ ድምፅ በቴሌቪዥን መስኮት

የፍቅር ዘፈን በፊልምና በቴሌቪዥን ውስጥ ሲገባ ብዙውን ጊዜ እንደ ጌጥ ይቆጠራል። ታሪኩ ሲላላ የሚያጠብቅ፣ ተዋናዩ ማልቀስ ሲያቅተው በምትኩ የሚያለቅስ ማሟያ ተደርጎ ይወሰዳል። በማንዳሪን ቋንቋ የተዘፈኑ የፍቅር ዜማዎች ታሪክ ግን ከዚህ የጠለቀ ነገር ያስተምራል።

እ.ኤ.አ. በ1979 ማብቂያ የቻይና ቴሌቪዥን ስለ ያንግሲ ወንዝ ሦስቱ ሸለቆዎች የሚተርክ ዝግጅት አቀረበ። በዚሁ ዝግጅት ውስጥ ሊ ጉዪ የተባለችው ድምፃዊት «ሺያንግ ልየን» የተሰኘውን ዘፈን አዜመች፤ ትርጉሙም የትውልድ ቀዬ ፍቅር እንደ ማለት ነው። የግጥሙ ሰም ለሰው የተላከ ናፍቆት ይመስላል፤ ወርቁ ግን የተወለዱበትን መንደር መናፈቅ ነው። ሐያስያንን እጅግ ያስቆጣው አዘፋፈኑ ነበር። ድምፃዊቷ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠግታ፣ ትንፋሿን ከቃሉ ጋር እያዋሐደች፣ ለአንድ ሰው ጆሮ የምታንሾካሹክ መስላ ዘፈነች። የአደባባይ መዝሙር ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ ነገር ነበር። ዘፈኑ ተወገዘ። በ1982 «ቢጫ»፣ ማለትም ብልግና ያለባቸው የተባሉትን ዘፈኖች እንዴት መለየት እንደሚቻል የሚያስረዳ መጽሐፍ ታትሞ ወጣ።

በ1983 የቻይናውያን ዘመን መለወጫ ዋዜማ ማዕከላዊው ቴሌቪዥን በቀጥታ ባስተላለፈው የበዓል ዝግጅት፣ ተመልካቾች የሚወዱትን ዘፈን በስልክ እንዲጠይቁ ተፈቀደ። እነሱም ያንኑ የተወገዘ ዘፈን ደጋግመው ጠየቁ። ኀላፊዎቹ አመንትተው ፈቀዱ፤ ሊ ጉዪም በአገር ሁሉ ፊት ዘፈነችው። ይሁን እንጂ ክርክሩ በዚህ አላበቃም። በዚያው ዓመት መጸው በ«መንፈሳዊ ብክለት» ላይ ዘመቻ ሲከፈት የታይዋኗ ድምፃዊት የቴሬሳ ቴንግ ዘፈኖች የውግዘት ዒላማ ሆኑ። ካሴቶቿ ግን እየተባዙ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፋቸውን አላቆሙም።

የሐያስያኑ ስጋት ሁሉ ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም። ለገበያ ሲባል ብቻ በየተከታታይ ድራማው መግቢያና መውጫ የሚለጠፍ፣ ስሜትን አባብሎ ሐሳብን የሚያስተኛ ዘፈን ሞልቷል። ሆኖም ምስሉ ለዘፈኑ ሥራ ሲሰጠው ውጤቱ ሌላ ይሆናል።

ለዚህ ምስክር የሚሆነው ፒተር ቻን በ1996 ያዘጋጀው የሆንግ ኮንግ ፊልም ነው። በእንግሊዝኛ «ጓዶች» በሚል ቃል የሚጀምር ርእስ ቢኖረውም፣ የቻይንኛ ርእሱ ቴንግ በ1979 የዘፈነችው «ትየን ሚሚ» ነው። ዜማው ራሱ ከኢንዶኔዥያ ሕዝባዊ ዘፈን የተወሰደ ስደተኛ ዜማ ነው። ማጊ ቸንግና ሊዮን ላይ የሚጫወቷቸው ሁለት ወጣቶች ከዋናው ቻይና እንጀራ ፍለጋ ወደ ሆንግ ኮንግ የመጡ ናቸው። በበዓል ገበያ የቴንግን ካሴቶች ዘርግተው ቢቆሙ ገዢ ጠፋ። ገበያተኛው ዘፈኗን ጠልቶ አልነበረም፤ ካሴቱን መግዛት ከዋናው ምድር የመጡ መሆንን በአደባባይ መናዘዝ ስለ ነበር ነው። የፍቅር ዘፈን በዚህ ትዕይንት የመታወቂያ ወረቀት ሆኖ ይታያል፤ ይዞት የሚኖረው ሁሉ ለማሳየት ያፍርበታል።

ቴንግ በግንቦት 1995 በታይላንድ ከተማ ቺያንግ ማይ በ42 ዓመቷ አረፈች። ፊልሙም ይህን መርዶ መደምደሚያው አደረገው። ለዓመታት የተለያዩት ሁለቱ ወጣቶች በኒው ዮርክ ጎዳና፣ በአንድ ሱቅ መስኮት በሚታይ ቴሌቪዥን ፊት፣ የሞቷን ዜና እያዩ ይገናኛሉ። ፊልሙ በዋናው ቻይና ሲኒማ ቤቶች ለመታየት የበቃው በ2015 ነው።

እንግዲህ ለአንድ ጆሮ የተንሾካሾከው ድምፅ የተበተነውን ሕዝብ በአንድ መስኮት ፊት አቆመ። የፍቅርን ዘፈን ለመመዘን ሥልጣን የተሰጠው ሰው ግጥሙንና ትንፋሹን ከመመርመሩ አስቀድሞ፣ ዘፈኑን ማን፣ ከየት ርቆ ሳለ እንደሚያደምጠው ሊጠይቅ ይገባዋል።