የተዋሐደ ዜማ እንዴት ይደመጣል?

ሁለት የሙዚቃ ስልቶችን አዋሕዶ ሦስተኛ ስልት የሚፈጥር ሙዚቀኛ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወገን ይነቀፋል። ባህል ጠባቂው «ዜማችንን አበላሸ» ሲለው፣ የዘመናዊው ስልት አፍቃሪ ደግሞ «የሙዚቃችንን ኃይል አለዘበው» ይለዋል። ነቀፋው የሚብሰው የሚዋሐደው ስልት ጆሮ ያልለመደው ሲሆን ነው። ኤክስትሪም ሜታል የሚባለው የሮክ ዓይነት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ጊታሩ ሻክሮ ያጓራል፤ ከበሮው እንደ በረዶ ይወርዳል፤ ድምፃዊውም ከማዜም ይልቅ ይጮኻል። እንዲህ ያለው ሙዚቃ ከሌላ ስልት ጋር ተዋሕዶ ሰፊ አድማጭ ሊያገኝ ይችላልን?

በዴሳ ሳስተምር፣ ጊታር የሚወድ አንድ ተማሪዬ «መምህር፣ ይህን ከባድ ሮክ ከጊፋታ ጭፈራችን ምት ጋር ባዋሕደው የሚሰማኝ አገኛለሁ?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። ጊፋታ በመስከረም ወር የሚከበረው የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ጥያቄው የአንድን ወጣት ተስፋ የሚነካ በመሆኑ በ«አዎን» ወይም በ«አይሆንም» ብቻ የሚመለስ አልነበረም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበኝ የሙላቱ አስታጥቄ ታሪክ ነው። በጅማ የተወለዱት እኚህ ሙዚቀኛ በብሪታንያና በአሜሪካ ተምረው፣ ባለ አምስት ድምፅ የሆኑትን የኢትዮጵያ ቅኝቶች ከጃዝና ከላቲን አሜሪካ ምት ጋር በማዋሐድ ኢትዮ ጃዝን ፈጠሩ። «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተባለው ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ወጣ። ይሁን እንጂ ሰፊው ዓለም ወዲያው አላወቃቸውም። እ.ኤ.አ. በ1998 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» አራተኛ ቅጽ ሥራዎቻቸው እንደገና ታተሙ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ አሜሪካዊው ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ ዜማዎቻቸውን አስገባ። ፊልሙን ሊያይ የገባው ሰው ጃዝ ፍለጋ አልመጣም፤ ታሪኩን ሲከተል ዜማው ጆሮው ውስጥ ገባ። ከ«ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» ሸክላ እስከዚያ ድረስ 33 ዓመት አልፏል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ወደ ከባዱ ሙዚቃ ስንመለስም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። ሴፑልቱራ የተባለው የብራዚል ሜታል ባንድ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው «ሩትስ» አልበም ውስጥ ሻቫንቴ ከተባሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ጋር አብሮ ተጫውቷል። የጊታሩን ኃይል ሳይቀንስ የአገሩን ከበሮ ጨመረበት፤ ስሙም በዓለም ዙሪያ ተሰማ። በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው ጃኖ ባንድ ነው። ጃኖ የሮክ እንጂ የኤክስትሪም ሜታል ባንድ አይደለም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ከአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ጋር ባዘጋጀው «ኤርታሌ» አልበም፣ የሚያጓራ ጊታር ከአማርኛ ግጥምና ከአገር ቅኝት ጋር ሊስማማ እንደሚችል አሳይቷል። በእኔ አስተያየት፣ ከጊታሩ ጩኸት ሊሸሽ የነበረውን አድማጭ ያቆየው የሚያውቀው ቅኝት ነው።

እንግዲህ ከእነዚህ ምሳሌዎች ሦስት ነገሮች እንማራለን። አንደኛ፣ አዋሐጁ ሁለቱንም ስልቶች ጠንቅቆ ማወቅ አለበት፤ ያልተማሩትን ማዋሐድ መደባለቅ እንጂ መፍጠር አይደለም። ሁለተኛ፣ አድማጭ የሚገባበት የታወቀ በር ያስፈልጋል። የወላይታ ምት ከወላይታ ውጭ በተወለዱ ድምፃውያን ዘፈኖች ውስጥ ጭምር ስለሚሰማ፣ ለበዴሳ ወጣት ይህ በር ከደጁ ነው። ሦስተኛ፣ ሥራውን በፊልም፣ በመድረክ ወይም በታተመ ስብስብ ወደ አዲስ አድማጭ የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። ጥሩ ሥራ ብቻውን መንገድ አይሄድምና።

ከዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ መጨመር ይገባል። ብዙ ሰው እንዲወደው ሲል ሻካራውን ሁሉ ልጎ ያወጣ ሙዚቀኛ፣ አድማጭ ቢያገኝ እንኳ ያገኘው ለሌላ ሙዚቃ ነው። ሙላቱ ቅኝታቸውን፣ ሴፑልቱራም ጩኸቱን አልተወም። ዕውቅና ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ሲመጣ ግን የሚያገኘው ሥራ የባለቤቱ ሆኖ መቆየት አለበት።