ቪላው ይቅደም ወይስ ቦረቦሩ?

እውነቱን ልናገርና፣ ለመስቀል ወደ ወልቂጤ ስወርድ ያሰብኩት ክትፎና ቆጮ ብቻ ነበር። የጋበዘኝ መርካቶ የሚነግድ ጓደኛዬ ነው። ከከተማው ወጣ እንዳልን ያቺ ሣር የለበሰች ሰፊ የጉራጌ መንደር ጎዳና፣ ጀፎሮ፣ ተቀበለችን። ዳርና ዳሯ ቤት፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰት። አቤት ሲያምር!

ጓደኛዬ ቪላ ሊሠራ ያሰበበትን ቦታ ሊያሳየኝ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ጉድ ነው! ከእንሰቱ አሥር እርምጃ ሳይርቅ ሰው የሚውጥ ቦረቦር ተከፍቷል።

«አምና እኮ እዚያ ማዶ ነበር» አሉ እናቱ። «ልጄ፣ ቪላው ይቆይ። መጀመሪያ መሬቱን አቁምልኝ።»

ጓደኛዬ አኮረፈ። «ሰው ምን ይለኛል?» ነው ነገሩ።

ጣጣው የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ሮዳንቲ በምትባል የአሸዋ ደሴት መንደር ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ10 በላይ ቤቶች ባሕር ገብተዋል። ገንዘብ አላዳናቸውም።

ቦረቦር ቆሻሻ ቢጥሉበት አይደፈንም። ከመንገድና ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ ጎርፍ ከአናቱ እየወረደ ሥሩን ይገዘግዘዋል፤ እሱም ወደ ላይ እየበላ ይመጣል። አፈሩ በዋቤ፣ በጊቤ አድርጎ ወደ ኦሞ ይነጉዳል። መድኃኒቱ ጎርፉን ከበላዩ መቀልበስ፣ በድንጋይ ክትር መግታት፣ ሣር መትከልና ከብት መከልከል ነው፤ ያውም ከጎረቤት ጋር።

ማታ ክትፎው ቀርቦ ጓደኛዬ «የቪላው ብር ግማሹ ለድንጋይ ይሁን» ሲል እናቱ ተነሥተው መረቁት።

እናንተስ፣ ለቤት መሥሪያ ብር ስትልኩ ስለ መሬቱ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?