ከሰማይ ስለ መዝለል

ከአውሮፕላን በዣንጥላ ለጨዋታ የሚዘል ሰው ነፍሱን የጠላ ይመስላል። እኔ የቆቦ ልጅ፣ በአሜሪካን አገር በየሰንበቱ ስዘል የማየው ግን ሌላ ነው። ከ4,000 ሜትር ከፍታ የዘለለ ሰው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያህል እየተምዘገዘገ አንድ ደቂቃ ይወርዳል፤ ተድላው ይህችው ናት። የቀረው ቀን ዣንጥላ ሲያጥፉ፣ ገመድ ሲፈትሹ፣ ነፋስ እስኪበርድ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ያልፋል። መጠባበቂያው ዣንጥላማ አንድ ጊዜ እንኳ ባይከፈት፣ ባለፈቃድ ባለሙያ በየ180 ቀኑ ፈትቶ እንደ ገና እንዲያጥፈው ሕጉ ያዛል። ደፋር ነኝ ባይ እዚያ አይወደድም።

ይህንኑ ላስረዳቸው፣ አጎቴ ማሽላ ከወፍ ወደሚጠብቁበት ማማ ወጣሁ። ወንጭፋቸውን ድንጋይ እያጐረሱ ሰሙኝና፣ «እንዲህ ከተጠነቀቅህስ ለምን መሬት ላይ አትቀመጥም?» አሉኝ። መልስ ነበረኝ፤ ከዞብል ተራራ ላይ ሆኖ የራያን ሜዳ የሚያይ ሰው ልቡ እንደሚሰፋ፣ የኔም እንዲሁ ይሰፋል አልኋቸው። እርሳቸው ግን ስለ እናቴ ማለታቸው ነበር። አደጋው የራሴ ብቻ ነው የሚል ወጣት፣ አንባቢዬ ሆይ፣ ሒሳቡን አጉድሏል። እናቴ ቆቦ ተቀምጣ፣ በሰላም ማረፌን በስልክ እስክነግራት ድረስ የማታ ቡናዋን አታፈላም።