ከፖቶማክ ገደል እስከ ጉራ ሜዳ

ባለፈው እሑድ ከኮሎምቢያ ሃይትስ ተነሥተን ወደ ቨርጂንያዋ ሊስበርግ ሄድን። መኪናውን የነዱት ጋሼ የምላቸው አንድ የደቀምሐሬ ተወላጅ ባለታክሲ ናቸው። ከእርሳቸው ጋር ስሆን ፖለቲካ አይነሣም፤ የቆየ ውላችን ነው።

ሊስበርግ አጠገብ ቦልስ ብለፍ የሚባል፣ ፖቶማክን ቁልቁል የሚያይ ገደል አለ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወንዙ የሰሜንና የደቡብ ድንበር ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1861 ወንዙን የተሻገረው የሰሜን ጦር እዚህ ተመትቶ ከገደሉ ወደ ውኃው ተነዳ፤ ብዙዎች ሰጠሙ። በትንሿ መካነ መቃብር 54 ወታደሮች ተቀብረዋል። ስሙ የታወቀው አንዱ ብቻ ነው።

እኔን የሳበኝ ግን የጄኔራል ቻርልስ ስቶን ታሪክ ነው። የግንባሩ አዛዥ ነበርና ሽንፈቱ በእርሱ ተላከከ። በ1862 ተይዞ ያለ አንዳች ክስ 189 ቀን ታሰረ። ያለ ክስ መታሰርን የቀመሰ ጋዜጠኛ እንዴት አያዝንለት? አዘንኩለት። ሰውየው ግን በኋላ ካይሮ ሄዶ የከዲቭ ኢስማኤል ጦር ኤታማዦር ሹም ሆነ። አፄ ዮሐንስ በ1875 ጉንደት ላይ የደመሰሱት፣ በ1876 ጉራ ላይ ድል የመቱት ይህንኑ ጦር ነው። ጉራ ላይ አንድ እጁን በሜክሲኮ ጦርነት ያጣው የደቡቡ ጄኔራል ሎሪንግም ነበረ። እዚህ የተጋደሉት ሰሜንና ደቡብ እኛን ለመውጋት በአንድ ባንዲራ ሥር ተሰለፉ ማለት ነው! ስቶን አገሩ ተመልሶ የነፃነት ሐውልት የቆመበትን መሠረት ያሠራ መሐንዲስ ሆነ።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ጉራ እኮ የሰፈሬ ጎረቤት ነው። ለመሆኑ ያ ድል የእናንተ ነው የእኛ?» አሉኝ። ውሉን ያፈረሱት እርሳቸው ናቸው።

«የሁላችንም» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ወዲያው ወልደ ሚካኤል ሰሎሞን ትዝ አሉኝ። ጉንደት ላይ ከዮሐንስ ጋር የተዋጉ፣ በጉራው ዘመቻ ደግሞ ከግብፅ ጎን የቆሙ የሐማሴን ሰው ናቸው። «ከሁለቱም ወገን ሰው ነበራችሁ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ድሉም ሽንፈቱም ይድረሰን» ብለው ሣቁ።

ውድ አንባቢያን፣ አሜሪካኖች የሽንፈታቸውንም ቦታ አጥረው፣ የሁለቱንም ወገን ሟች እያስታወሱ ይጠብቃሉ። እኛ የድላችንን ሜዳ እንኳ አብረን ቆመን ማየት አልቻልንም። ጉንደትና ጉራን የምናይበት ቀን ከመጣ መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ ብያቸዋለሁ።